‹ሕገወጥ ስደተኛ› እና የምርጫ ድምፅ፦ የአሜሪካው ክርክር ለጎንደር ቤተሰብ ምኑ ነው?



ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አረፍ የሚሉ አባቶች ስለ አሜሪካ ምርጫ ሲያወሩ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። የአንዱ ልጅ ሚኒሶታ ይኖራል። የሌላው የእህት ልጅ በብራዚል በኩል ዞሮ ቴክሳስ ድንበር ደርሷል። ሦስተኛው ከሊቢያ የሚደወል ስልክ ይጠብቃል። ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳል፦ «ሰውዬው ስደተኛ አባርራለሁ እያለ፣ ከሜክሲኮና ከዚያ አካባቢ የመጡት ራሳቸው እንዴት መረጡት?»

ይህን ጥያቄ አንባቢዎቻችንም በተደጋጋሚ ያነሱታል። ከጀርባው ሌላ ጥያቄ እንዳለ እናውቃለን፤ «የኛ ልጅስ ምን ይሆናል? አሁን ይሂድ ወይስ ይጠብቅ?» የሚል። ከሩቅ የሰማውን የምርጫ ወሬ ይዞ ከብቱን የሚሸጥ፣ ቤቱን የሚያስይዝ፣ ለደላላ ቀብድ የሚከፍል ቤተሰብ ስላለ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

‹ሕገወጥ› የሚባለው ማን ነው?

በፖለቲከኞች ንግግር ‹ሕገወጥ ስደተኛ› የሚለው ቃል አንድ ዓይነት ሰው ያለ ያስመስላል። በሕግ ፊት ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ።

የመጀመሪያው በድንበር ኬላ ሳያልፍ የገባ ነው። ሁለተኛው በሕጋዊ ቪዛ፣ በአውሮፕላን፣ ፓስፖርቱን አስመትቶ ገብቶ ቀኑ ሲያልቅ የቀረ ነው። ሦስተኛው ጥገኝነት ጠያቂ ነው። ይህ ሰው ያለ ፈቃድ ድንበር ቢሻገር እንኳ በ1951 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስደተኞች ስምምነት፣ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት አገር በቀጥታ መጥቶ ወዲያው ለባለሥልጣን ካመለከተ፣ በአገባቡ ብቻ እንዳይቀጣ ይከለክላል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት የተቀበለች አገር ናት።

የሦስቱም መጨረሻ የተለያየ ነው። በአሜሪካ ሕግ በቪዛ ገብቶ የቀረ ሰው አሜሪካዊት ዜጋ ቢያገባ ከአገር ሳይወጣ ወረቀቱን ሊያስተካክል ይችላል። በበረሃ የገባው ግን ብዙውን ጊዜ አይችልም፤ ወጥቶ ማመልከት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ የኛ ቤተሰቦች የማያውቁት ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። እዚያ የተወለደ ልጅም ለወላጁ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ «አግባና ጨርስ» ወይም «ልጅ ውለድና ወረቀት ታገኛለህ» ብሎ ከጎንደር በስልክ መምከር ቀላል ቢመስልም፣ እዚያ ያለውን ሰው የሚያስጨንቀው በከንቱ አይደለም።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 በአገሪቱ ያለ ሙሉ ፈቃድ የሚኖሩትን ወደ 14 ሚሊዮን ገምቷቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያለው አንድም የለም። ክርክሩ ሁሉ ስለ እነሱ ቢሆንም የሚመርጡት ሌሎች ናቸው። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ሂስፓኒኮቹ ለምን እንዲህ መረጡ?

‹ሂስፓኒክ› ማለት የዘር ሐረጉ ስፓኒሽ ከሚነገርባቸው አገሮች የሚመዘዝ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ብቁ የነበሩ ሂስፓኒኮች ወደ 36 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ለረጅም ጊዜ ብዙዎቹ የዲሞክራቶች ደጋፊ ነበሩ። በፒው ጥናት መሠረት በ2020 ከመረጡት ሂስፓኒኮች 61 በመቶው ለባይደን፣ 36 በመቶው ለትራምፕ ድምፅ ሰጡ። በ2024 ግን 51 በመቶ ለካማላ ሃሪስ፣ 48 በመቶ ለትራምፕ ሆነ። በቴክሳስ ድንበር ላይ የምትገኘውና ከሞላ ጎደል ነዋሪዎቿ ሁሉ ሂስፓኒክ የሆኑባት ስታር ካውንቲ ከመቶ ዓመት በላይ ሳትለቅ ከቆየችበት የዲሞክራቶች ሰፈር ወጥታ ሪፐብሊካኑን መረጠች።

ምክንያቱን ከአንድ ቦታ መፈለግ ያሳስታል።

አንደኛ፣ ሂስፓኒክ የሚባል አንድ ሕዝብ የለም። ከኩባና ከቬንዝዌላ የሶሻሊስት መንግሥት ሸሽቶ ፍሎሪዳ የገባ ሰው እና ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚሠራ የሜክሲኮ ተወላጅ የሚፈሩት ነገር የተለያየ ነው። የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ስለሆኑ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ የለባቸውም። በቴክሳስ ደግሞ አሜሪካ በ1848 ከሜክሲኮ ጋር ባደረገችው ስምምነት ድንበሩ ከመዞሩ በፊት ጀምሮ እዚያው የነበሩ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተት የፖለቲከኞች ስንፍና ነበር።

ሁለተኛ፣ ኑሮ ነው። መራጭ ድምፁን ሲሰጥ የሚያስበው ስለ ድንበር ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የእንቁላል ዋጋ፣ የነዳጅ ዋጋ አለ። በ2024 የዋጋ ንረት ያስመረራቸው ሂስፓኒኮች እንደ ሌላው አሜሪካዊ ሁሉ በሥልጣን ላይ ያለውን ፓርቲ ቀጡ።

ሦስተኛ፣ ያልተፈጸመ ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሪፐብሊካኑ ሬገን በፈረሙት ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰዎች ሕጋዊ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ግን በየምርጫው «ሕጋዊ እናደርጋችኋለን» ቢባልም ያን ያህል ሰው የሚያቅፍ ሕግ አልወጣም። በ2013 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 68 ለ32 ያጸደቀው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ቀረ። በኦባማ ስምንት ዓመታት ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተባረዋል። ቃል ሰምቶ የሰለቸ ሰው፣ ቃሉን የሚሰጠውን ወገን እንደ ወዳጅ መቁጠሩን ያቆማል።

አራተኛው ለኛ በጣም ቅርብ ነው። ዓመታት ወረፋ ጠብቆ፣ ከፍሎና ተፈትኖ የገባ ሰው፣ «እኔ በደንቡ መጣሁ፤ ያኛው ለምን ዘሎ ይገባል?» ይላል። በዲቪ የሄደ የኛ ሰውም ይህንኑ ሲል ሰምተነዋል። ስሜቱ ሰብዓዊ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ወረፋው ለሁሉም ክፍት አይደለም። ዲቪ ዕጣ ነው፤ ያልወጣለት ሰው ወረፋ ላይ አለ ማለት አይደለም።

ይህ ድምፅ ግን ወደ አንድ ወገን ጠቅልሎ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች ትምህርት ቤትና ሕክምና የሚከለክል ‹ፕሮፖዚሽን 187› የተባለ ሕግ በሕዝብ ድምፅ አለፈ። ፍርድ ቤት አገደው። ነገር ግን ሕጋዊ ፈቃድ የነበራቸው ብዙ ሂስፓኒኮች ደንግጠው ዜግነት ወሰዱ፣ ለምርጫ ተመዘገቡ። በ2024 ትራምፕ ያሸነፉባትና ሂስፓኒኮች የሚበዙባት የኒው ጀርሲዋ ፓሴይክ ካውንቲም በኅዳር 2025 የአገረ ገዥ ምርጫ ወደ ዲሞክራቶች ተመልሳለች። ይህ ሕዝብ የማንም ንብረት እንዳልሆነ በተግባር አሳይቷል።

የኛዎቹስ ድምፅ?

ይህን ስናነብ በሂስፓኒኮች ላይ ለመፍረድ እንዳንቸኩል ሁለት የራሳችንን ምሳሌ እናስታውስ።

በኅዳር 2 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ቨርጂኒያ ውስጥ የአገረ ገዥ ምርጫ ነበር። በዚያ ግዛት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዚያን ወቅት የሰሜኑ ጦርነት እየተካሄደ ነበር። የባይደን አስተዳደር በያዘው አቋም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። በዚያው ዕለት ነበር ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንደሚያስወጡ ለኮንግረስ ያሳወቁት። ያንግኪን አሸነፉ። ድምፃቸውን የሰጡት ወገኖቻችን ስለ አገራቸው እንጂ ስለ ስደተኛ ሕግ አላሰቡም ይሆናል። ከመካከላቸው ግን ወረቀት የሌለው ወንድም ያለው ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚሺጋኗ ዲርቦርን ናት። ትራምፕ በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ሶማሊያንና ሱዳንን ጨምሮ የሰባት፣ አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም የሆነ አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ያገዱ መሪ ናቸው። በ2024 ግን ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት ዲርቦርን ከካማላ ሃሪስ የበለጠ ድምፅ አገኙ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት የጋዛ ቁስል ነበር። ብዙ ሙስሊሞች በሥልጣን ላይ ላለው ፓርቲ ድምፃቸውን አንሰጥም አሉ፤ ከፊሎቹም ሦስተኛ ዕጩ መረጡ። በሰኔ 2025 ደግሞ የ12 አገሮች ዜጎችን የሚያግድ አዲስ እገዳ ወጣ፤ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ የመንና ኤርትራ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

ማን ትክክል መረጠ፣ ማን ተሳሳተ የሚለውን እዚህ አንፈርድም። ሰው ሲመርጥ በልቡ ውስጥ ብዙ ነገር ይመዝናል። የአንዱ ቁስል ሌላውን ቁስል ሊያስረሳ ይችላል። የተረሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሌለው ነው። ዲያስፖራ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ልብ እንድትሉ እንወዳለን።

የክርክሩ ውጤት በሕጋዊ መንገድ የሚጠብቁትንም ይነካል። በጥር 20 ቀን 2025 የትራምፕ አስተዳደር ሥራ በጀመረበት ዕለት የስደተኞች ማስፈሪያ ፕሮግራም ታገደ። ኢትዮጵያ ውስጥ በመጠለያ ለዓመታት ቃለ መጠይቅና ምርመራ ጨርሰው ትኬት ሲጠብቁ የነበሩ ስደተኞች ተስፋቸው በአንድ ፊርማ ቆመ። እነሱ ድንበር አልዘለሉም። ወረፋ ላይ ነበሩ።

ድምፅ የሌለበት መንገድ፦ ከጎንደር እስከ መተማ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውሃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከደጋው፣ ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ የሚነሳው ወጣት ይህን መንገድ መጀመሪያ የሚያውቀው ለስደት አይደለም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። መሬት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ አልበቃ ሲል ወቅቱን ጠብቆ ይወርዳል፤ ጥቂት ብር ይዞ ይመለሳል። ቆላ ሲደርስ ግን ደላላው እዚያው ይጠብቀዋል። ካርቱም ሥራ አለ ይለዋል። ከካርቱም በኋላ ሊቢያ፣ ከሊቢያ በኋላ ባሕሩ ይመጣል።

«መጀመሪያ ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» የሚለው የደላላ ቃል የሚያበቃው ኩፍራ ወይም በኒ ወሊድ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው። ከዚያ ስልኩ ይደወላል፤ ልጁ ሲደበደብ ያሰማሉ። እናት ጎረቤት ትለምናለች፤ የመስጂድ ጀምዓ ያዋጣል። ይህን ታሪክ ያልሰማ ቤት በሰፈራችን ጥቂት ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ክርስቲያን ወገኖቻችንን በግፍ ሲገድል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አለቀሰ።

በዚህ ላይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ተበላሸ። በኛ በኩልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭትና ለገንዘብ ሲባል የሚፈጸመው እገታ ሰውን ከቤቱ እየነቀለ፣ መንገዱንም እያስፈራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በምሥራቅ በኩል፣ በአፋርና በጅቡቲ፣ በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ የሚሄደው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መለሰች። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል ሲል ከሷል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች ባሉበት ምድር ድንበር ላይ የወገን ደም መፍሰሱ ልብ የሚሰብር ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። በአሜሪካ ስለ ስደተኛ ጠንካራ ክርክር አለ፤ የሚያባርርም አለ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከርም አለ፤ ምክንያቱም ዘመዶቹ ድምፅ አላቸው። በሊቢያ መጋዘን፣ በሳዑዲ ማቆያ ያለው ልጅ ግን የሚከራከርለት መራጭ የለውም።

አገር ቤትስ? በ2013 ዓ.ም. በተደረገው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባሉበት አገር የሚመርጡበት ጣቢያ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው መሥራትና መኖር ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ሐዋላው ይፈለጋል፤ ድምፁ አይቆጠርም። ለዚህ ነው ‹ሕገወጥ ስደት ይቁም› የሚለው መፈክር በየስብሰባው ሲነገር፣ የሄደው ሰው ለምን እንደሄደ የሚናገርበት መድረክ የማይኖረው።

ጎንደርም ስደተኛ ትቀበላለች

ክርክሩን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት አንችልም፤ የኛ አካባቢ ላኪ ብቻ ሳይሆን ተቀባይም ነው።

ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው ዳባት አቅራቢያ ዓለምዋጭ የተባለው የስደተኞች ጣቢያ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራውያንን ያስተናግዳል። ብዙዎቹ ቀደም ሲል ትግራይ ውስጥ ካሉ ጣቢያዎች በጦርነቱ የተፈናቀሉ ናቸው። የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ በመተማ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ገባ፤ ኩመርና አውላላ የተባሉ ጣቢያዎች ተከፈቱ። እዚያ የገቡት ሱዳናውያን ዝርፊያና የታጠቁ ሰዎች ጥቃት ደረሰባቸው። በ2016 ዓ.ም. ከአውላላ የወጡ ከሺህ በላይ ሰዎች ደኅንነታችን ይጠበቅ ብለው ከነልጆቻቸው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ወራት አሳለፉ።

እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ከኛ ጋር በአንድ ሶፍ የሚቆሙ ናቸው። ሆኖም ከተማችን ውስጥ «ኪራይ ያስወደዱት እነሱ ናቸው»፣ «እርዳታ ለነሱ ይመጣል፣ ለኛ ግን የለም» የሚል ወሬ ይሰማል። ኑሮ የከበደው ሰው የሚያነሳው ቅሬታ መሠረት የለውም አንልም። ኪራይ ተወዷል፤ ሥራ ጠፍቷል። ነገር ግን ይህ ቃል በቴክሳስና በጀርመን ስለ ጎንደር ልጅ የሚነገረው ቃል ራሱ ነው። እዚያ ሲነገርብን የሚያመን ነገር፣ እዚህ ስንናገረው ሊያመን ይገባል።

በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ስደተኞች ትምህርትና ጤና የማግኘት፣ በሕግ በተወሰነው ልክም የመሥራት መብት አላቸው። ሕጉ ጥሩ ነው። አፈጻጸሙ ግን የሚወሰነው በጎረቤትነታችን ጭምር ነው።

እኛ ይህን ቃል እናውቀዋለን

የጎንደር ሙስሊም ‹አለህ ግን የለህም› መባል ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የተከለከለው ሙስሊም ንግድን ያዘ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርደውን የቅፍለት መንገድ ያቀናው፣ የከተማዋን ገበያ ያሞቀው እሱ ነበር። አገሩ ላይ ግብር እየከፈለ መሬቱ ላይ ግን እንደ እንግዳ ኖረ።

መተማ ራሷ የስደተኛ ከተማ ናት። ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው ለሐጅ የተጓዙ ተክሩሮች በመንገዳቸው እዚያ ሰፍረው ገበያ አቆሙ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲገደዱ፣ ዲናቸውን ይዘው በዚሁ መንገድ ወደ ሱዳን ድንበር የሸሹ አባቶች ጥቂት አልነበሩም። በየትኛው ወረቀት ተሻገሩ? ማንስ ‹ሕገወጥ› አላቸው?

ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን መንግሥት ‹በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች› እያለ ሲጠራን ኖሯል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ‹ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች› ተብለን እንጠራ የሚል። ‹የሚኖሩ› በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ስንት ነገር እንደተከለከለ ያ ትውልድ ያውቃል። በዚያ ሰልፍ ላይ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው መውጣታቸውን ደግሞ አንርሳ። የራሳቸው ጥያቄ ሳይሆን ለጎረቤታቸው ድምፅ ሆኑ።

ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያው ሂጅራ ወደዚሁ ምድር ነበር። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ‹ከኛ የኮበለሉ ናቸውና መልሱልን› አሉ። ነጃሺ ግን ከሰዎቹ አንደበት ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆሞ ተናገረ፤ ንጉሡም ሰምቶ አስጠለላቸው። ከመባረር በፊት መሰማት ይቅደም፤ ስለ ስደተኛ ከሚደረገው ክርክር ሁሉ እኛ የምንይዘው ሚዛን ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለቤተሰቦች፦ የአሜሪካን ምርጫ ወሬ ሰምታችሁ ልጅ አትላኩ፤ ልጅም አታስመልሱ። ፖለቲከኛ ‹አባርራለሁ› ወይም ‹ምሕረት አደርጋለሁ› ሲል ሕግ ወጣ ማለት አይደለም። በአስተዳደር ውሳኔ የተሰጠ ጥበቃ በሌላ አስተዳደር ይነሳል፤ ጸንቶ የሚቆየው በምክር ቤት የወጣ ሕግ ነው። ደላላ ይህን ልዩነት አይነግራችሁም። እዚያ ያለ ዘመድ የሚያስፈልገው ምክር ከፈቃድ ካለው የስደተኛ ሕግ ጠበቃ እንጂ ከማኅበራዊ ሚዲያ አይገኝም።

ለሥራ መሄድ ግድ ከሆነ ሕጋዊውን መንገድ እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሰነድ ማረጋገጫ ያሉትን ነው። ለትኬትና ለቪዛ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ካለ በዚያው ቆሙና ጠይቁ። ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው፤ ደላላው የሰፈር ልጅ ወይም ዘመድ ቢሆንም።

ለኢማሞችና ለጀምዓዎች፦ ገንዘብ የምናዋጣው ልጅ ከታገተ በኋላ ብቻ አይሁን። የቤዛውን ያህል ገንዘብ አስቀድሞ ቢዋጣ ለአንድ ወጣት የሥራ መነሻ ይሆናል። ከሳዑዲና ከሊቢያ የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች በኹጥባ ማግሥት ወጣቱን ሰብስበው ያዩትን እንዲናገሩ ዕድል እንስጣቸው። ‹ሳይሳካለት ተመለሰ› ብሎ ማፈር ሌላውን ልጅ ወደዚያው መንገድ ይገፋል። ከሱዳን የመጣውን እንግዳም በሶላት ሶፍ ብቻ ሳይሆን በኪራይ ውል ላይም ወንድም እናድርገው።

ለዲያስፖራ፦ ድምፅ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። የሂስፓኒኮች ታሪክ የሚያስተምረን ፓርቲ የሚያከብረው የማይቆጠርለትን፣ በኪሱ ያልገባለትን መራጭ መሆኑን ነው። ለማንም ፓርቲ ንብረት አትሁኑ። ነገር ግን ድምፃችሁን ስትመዝኑ፣ በአገራችሁ ቁስልና በጋዛ ሐዘን መካከል፣ ያለ ወረቀት ጓዳ ውስጥ የተቀመጠውን የእህታችሁን ልጅ ጉዳይም ሚዛኑ ላይ አድርጉት። እሱ ራሱ ሊያስቀምጠው አይችልም።

በመንገድ ላይ ያሉትን አላህ ይጠብቃቸው፤ በባሕርና በበረሃ የቀሩትን ይማራቸው፤ የሚጠብቁ እናቶችን ሶብር ይስጣቸው።

ወላሁ አዕለም።